በጋምቤላ ለራት ግብዣ ስለሚለበስ ልብስ

ከደጋ ወደ ጋምቤላ የወረደ እንግዳ ለራት በተጠራ ጊዜ ወፍራም የሱፍ ኮት መልበስ አይገባውም። ከተማይቱ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር በሚያህል ቆላ ስለ ተቀመጠች ሙቀቱ ማታም አይለቅም። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል መነሻነት የእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ የነበረችው፣ በክረምትም የካርቱም መርከብ ይደርስባት የነበረችው ይህች ወደብ ብዙ ዓይነት ልብስ አይታለች፤ ለአየሯ የሚስማማው ግን ስስ ነጭ የጥጥ ልብስ ነው።

ነገር ግን ሙቀቱን ፈርቶ እጅጌውን ሰብስቦ ከማዕድ የሚቀርብ ሰው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል፤ ጋባዡን ያቃልላል፤ የወባ ትንኝ የምትነድፈው ጀንበር ከጠለቀች በኋላ መሆኑንም ይረሳል። ለወይዛዝርትም እስከ እግር የሚወርድ የሐበሻ ቀሚስ ከስስ ነጠላ ጋራ፣ ከአጭር የፈረንጅ ቀሚስ ይሻላል። ገበታው በወንዙ ዳር ከተዘረጋማ ካልሲ አይረሳ፤ ትንኟ ቁርጭምጭሚት ትወዳለች።