ጨው ሲበዛ የማይፈለፈል እንቁላል

የአርቴሚያ እንቁላል ማንኪያ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ቡናማ አሸዋ ይመስላል። አንድ ግራሙ ግን ከ200,000 በላይ ፅንስ ይዟል፤ ሁሉም ደርቆ ውሃ ይጠብቃል። በሊትር 30 ግራም ያህል ጨው ባለው፣ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ነክረው መብራት ካበሩለት፣ በማግስቱ ብርቱካናማ ነጥቦች እየተንቀጠቀጡ ወደ ብርሃኑ ይጎርፋሉ። እያንዳንዷ ነጥብ ግማሽ ሚሊሜትር የማትሞላ፣ አንድ ዓይንና ሦስት ጥንድ መቅዘፊያ ያላት የሽሪምፕ የሩቅ ዘመድ ናት።

አርቴሚያ የጨው ሐይቅ ፍጥረት ስለሆነች ጨው በበዛ ቁጥር የሚመቻት ይመስለኝ ነበር። ያደገችው በእርግጥ ከባሕር ውሃ አራት እጥፍ በሚበልጥ ጨው ውስጥ ትኖራለች፤ ዓሣ እዚያ ስለማይደርስባት ጨዉ አጥሯ ነው። የእንቁላሏ ነገር ግን ለየት ይላል። ፅንሱ ያጠራቀመውን ትሬሃሎዝ የተባለ ስኳር ወደ ግሊሴሮል እየለወጠ ከውጭ ውሃ ይስባል፤ ውሃው ሲሞላ ቅርፊቱ ይፈነዳል። የውጪው ጨው ሲያይል ለዚያው ፍንዳታ ብዙ ግሊሴሮል ይፈለጋል። መፈልፈሉ ይዘገያል፤ ጫጩቷም ስንቋን አሟጣ ደክማ ትወጣለች። ጨዉ በሊትር 90 ግራም አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ቅርፊቱ ጭራሽ አይከፈትም። እናቲቱ የምትዋኝበት ውሃ ለእንቁላሏ መቃብር ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የወጣችዋ ጫጩት ጀርባዋ ላይ ባለ እጢ ጨው ታስወጣለች፤ ስታድግ ሥራውን እግሮቿ ላይ ያሉ መተንፈሻዎች ይረከባሉ። ለዚህ የሚወጣው ጉልበት ከዕድገቷ ይቀነሳል።

ጨው መልኳንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1871 ኦዴሳ አጠገብ በሚገኘው ኩያልኒክ ጨዋማ ሐይቅ ላይ ግድብ ተጥሶ ውሃው ቀጠነ። ግድቡ ተጠግኖ ጨዉ ከዓመት ዓመት ሲያሻቅብ፣ ሽማንኬቪች የተባለ ተመራማሪ የአርቴሚያዎቹ የጅራት ሹካ ሲያጥር፣ ጠጉሩም ሲመናመን አየ። አንዱ ዝርያ ወደ ሌላ ተለወጠ ብሎም ጻፈ። እዚህ ላይ ቸኩሏል፤ እንስሳዋ ያችው ናት፣ ጨዉ ነው የቀረጻት።

የዚህ ሁሉ ትልቁ መድረክ በአሜሪካ ዩታ ግዛት ያለው ታላቁ የጨው ሐይቅ ነው። በፀደይ የቀለጠ በረዶ ወርዶ ውሃውን ያቀጥናል፤ የከረመው እንቁላልም ያኔ ይፈለፈላል። ውሃው በተመቸ ጊዜ እናቶች ሕያው ጫጩት ይወልዳሉ፤ ኑሮ ሲከፋ ደረቅ እንቁላል ይጥላሉ። በመከር ጀልባዎች ይህን ተንሳፋፊ እንቁላል ሰብስበው ለዓሣና ለሽሪምፕ ርቢ ያቀርቡታል።

በ1959 የተጠናቀቀ የባቡር መንገድ ሐይቁን ለሁለት ከፍሎታል። ወንዞቹ ወደ ደቡብ ስለሚገቡ ሰሜኑ በጨው ተጨናንቆ ሮዝ ሆኗል፤ አርቴሚያ አይረባበትም። በ2022 ሐይቁ ታይቶ በማይታወቅ መጠን ጎደለ፤ የደቡቡም ጨው አሻቀበ። በ2023 መጀመሪያ ላይ የሰሜኑ ጨው ወደ ደቡብ እንዳይመለስ፣ በመንገዱ ላይ ውሃ በሚያሳልፈው ክፍተት ሥር ያለው የድንጋይ እርከን ከፍ ተደረገ።