የአንጓው ሥራ ኳሷ ሳትመታ ያልቃል

ገና ሲቃረብ ቆልማማ ዱላ ይዞ ሩር የሚያሳድድ ተጫዋች አንጓውን እንደ ልቡ ያዝዘዋል። ሩሯ ትንከባለላለች፣ የተቃራኒ ቡድን ዱላ ከጎን ይመጣል፣ ቆሞ ለማነጣጠር ጊዜ የለም። ከዚያ ግርግር የሚያወጣው ፈጣን የአንጓ ምት ነው።

ከኮልፌ ቀራኒዮ ብዙ በማይርቀው በአሮጌው ኤርፖርት ሰፈር፣ በአዲስ አበባ ጎልፍ ክለብ ሣር ላይ ግን ኳሷ ቆማ ትጠብቃለች። የሚሻማ የለም፤ የሚያጣድፍ የለም። ሲያዩት ከገና ጨዋታ የቀለለ ይመስላል። ለአንጓ ግን ፈተናው እዚህ ይበረታል፤ በገና ጨዋታ የጠቀመው ያ ድንገተኛ ምት በጎልፍ ኳሷን አቅጣጫ ያስታል።

ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ነው። ዱላው ከላይ ወርዶ ኳሷ ጋ ለመድረስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የዱላው ራስና ኳሷ የሚነካኩት ደግሞ ለግማሽ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ ሰከንድ ለ2,000 ቢከፈል አንዱ እጅ ማለት ነው። ሰው ያየውን ተረድቶ እጁን ለማዘዝ ብቻ 0.2 ሰከንድ ያህል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ዱላው እየወረደ ሳለ «ላስተካክለው» የሚል ሐሳብ ቢመጣም ኳሷ ሄዳለች። የዱላው ገጽ በ1 ዲግሪ ቢዛነፍ፣ 200 ሜትር የምትጓዝ ኳስ ከታለመላት መስመር 3 ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በአየር ላይ የምትታጠፈው ሲጨመር ከዚያም ይብሳል።

አንጓ ፍጥነት ያቀብላል። ተጫዋቹ ዱላውን ሲያነሳ አንጓው ወደ አውራ ጣት በኩል ይታጠፍና ክንዱና ዱላው ማዕዘን ይሠራሉ። ሲወርድ ያ ማዕዘን ቶሎ ካልተፈታ፣ ክንዱ መጨረሻ ላይ ዘገም ሲል ፍጥነቱን ለዱላው ያስረክባል፤ የዱላው ራስም ይወነጨፋል። በጉልበት ቀድሞ የተፈታ አንጓ ግን ፍጥነቱን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። ጡንቻማ ጀማሪ፣ በአካል ከሚያንሰው ልምድ ያለው ተጫዋች ይልቅ ኳሷን በአጭሩ የሚያስቀራት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን የዱላውን ገጽ መምራቱ ነው። በቀኝ ለሚመታ ሰው ወሳኙ የግራ አንጓ ነው። የእጁ ጀርባ ወደ ክንዱ ሲቆለመም ገጹ ይከፈትና ኳሷ ወደ ቀኝ ታደላለች፤ አንጓው ወደ መዳፍ በኩል ሲጎብጥ ገጹ ይዘጋል፣ ኳሷም ወደ ግራ ትሄዳለች።

አሜሪካዊውን የጎልፍ ተጫዋች ቤን ሆጋንን በወጣትነቱ ወደ ግራ የምትታጠፍ ኳስ አሰቃይታዋለች። መፍትሔውን እ.ኤ.አ. በ1955 በላይፍ መጽሔት ላይ ገለጠው፦ አያያዙን ጥቂት ወደ ግራ አዙሮ፣ ዱላው ከላይ ሲደርስ የግራ አንጓውን በትንሹ ወደ ኋላ መቆልመም። ደስቲን ጆንሰን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ዱላው ከላይ ሳለ አንጓው ወደ መዳፉ ጎብጦ ይታያል። ስፔናዊው ጆን ራምም ወደዚያው ያዘነብላል። ሦስቱም የዩኤስ ኦፕንንና የማስተርስን ዋንጫ ወስደዋል። እንግዲህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቅርጽ የለም። አንጓው ከአያያዙ ጋር ይስማማ፣ በየምቱም ያው ይሁን እንጂ መልኩ የየሰው ነው። አንድን ሻምፒዮን በፎቶ አይቶ መኮረጅ የሚጎዳውም ለዚህ ነው።

የአዲስ አበባ ተጫዋች ሌላም ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ኳሷ በሳሳ አየር ርቃ ትሄዳለች፣ ወደ ጎን የምትታጠፈውም ያንሳል። ተመሳሳይ ከፍታ ባለው የሜክሲኮ ሲቲው ቻፑልቴፔክ ሜዳ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2017ና በ2019 ሲያሸንፍ፣ ተወዳዳሪዎች የየዱላቸውን ርቀት እንደገና ማስላት ነበረባቸው። አዲስ አበባ ላይ የተማረ ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ፣ ደጋው ሸፍኖለት የቆየው የአንጓ ጉድለት ይገለጥበታል።

ጀማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት ኳሷን ከመሬት ለማንሳት አንጓቸውን ከሥር ወደ ላይ ሲቆለምሙ ነው። ማንሳቱ የዱላው ሥራ ነው፤ 7 ቁጥር አይረን የሚባለው የብረት ዱላ ገጹ ሲሠራ ጀምሮ 30 ዲግሪ ገደማ ያጋደለ ነው። ይህን ልማድ ለማረም የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። በግራ እጅ ሰዓት ማሰሪያ ሥር፣ በእጁ ጀርባ በኩል ተሰክቶ፣ ዱላው ከወገብ ሳያልፍ በዝግታ ይመታል፤ አንጓው ወደ ኋላ ሲቆለመም ማስመሪያው ቆዳውን ይጫናል። ልምምዱ ለስላሳ ሣር ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ የግራ አንጓ በጎልፍ ቶሎ ከሚጎዱ አካላት አንዱ ስለሆነ፣ በበጋ የደረቀን መሬት ደጋግሞ በዱላ መምታት ለሳምንታት ከሜዳ ሊያርቅ ይችላል።