አንድ ጣራ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ፎጣ

የአዲስ አበባ ተማሮች በሁለት ይከፈላሉ፤ በግቢ የሚያድሩና ከወላጆቻቸው ቤት የሚመላለሱ። በግቢ የሚያድሩት ወንድሞችና እኅቶች የተመላላሹን ኑሮ ሲያስቡት የሚታያቸው ትኩስ እንጀራ፣ የታጠበ ልብስና የእናት ምርቃት ብቻ ነው። ተመላላሹም በበኩሉ የግቢውን ኑሮ ሲያስበው፣ ማንም «የት አመሸህ?» ብሎ የማይጠይቅበት ነጻ አገር ይመስለዋል። ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ነው የያዙት። ስለዚህ በዚች አጭር ጽሑፍ፣ የቤት ውስጥ ብስጭት ከየት እንደሚመነጭ፣ ስለምን እንደሚያስቅና መቼ ማሳቁን እንደሚተው በየተራው ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። «ቤተ ሰብ» የሚለው ቃል የመጣው ከግእዝ ነው፤ «ቤት» ያው ቤት፣ «ሰብእ» ደግሞ ሰው ማለት ነው። እንግዲህ ቃሉ ራሱ ቤቱን አስቀድሞ ሰውን አስከትሏል። ይህን ቅደም ተከተል በቸልታ ያለፈ ሰው፣ ፎጣው ስለምን ሁልጊዜ እርጥብ እንደ ሆነ ሳይገባው ይኖራል። በገበያ ሕግ ዕቃ የባለ ገንዘቡ ነው፤ በቤት ሕግ ግን ዕቃ የቀደመው ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሣ ታናሽ ወንድም ፎጣውን አርጥቦ፣ ካልሲውን አጥልቆ፣ የስልኩን ቻርጀር በኪሱ ከትቶ ይወጣል። ማታ ሲጠየቅ «የኛ አይደለም እንዴ?» ይላል። እዚህ ላይ ሰዋስውም የሚፈርደው ለእርሱ ነው፤ ከወንድምና ከእኅት ጋራ ስንነጋገር «እናቴ» አንልም፣ «እናታችን» እንላለን፤ «ቤቴ» አንልም፣ «ቤታችን» እንላለን። እናትና ቤት የጋራ ከሆኑ ፎጣ ብቻውን የግል ሊሆን እንዴት ይችላል?

ሁለተኛው በር ነው። የቤታችን በር መዝጊያ አለው እንጂ የሚያንኳኳው የለም። እናት መጀመሪያ ትገባለች፤ ቀጥላ መብራቱን ታበራለች፤ ከዚያ በኋላ «ተኝተሃል እንዴ?» ብላ ትጠይቃለች። «አዎን፣ ተኝቼ ነበር» ማለት ነገሩን አይዘጋውም፤ «እንግዲያስ ከነቃህ አይቀር…» የሚለውን ትእዛዝ ያስከትላል እንጂ።

የትእዛዝ መንገድ ደግሞ እንደ ወንዝ ነው፤ ሁልጊዜ ቁልቁል ይወርዳል። አባት ውሃ ሲጠማቸው ለትልቁ ልጅ ይነግሩታል፤ ትልቁ ለመካከለኛው፣ መካከለኛው ለታናሹ ያስተላልፋል። ታናሹ ዘወር ብሎ ቢያይ ከኋላው ያለችው ድመት ብቻ ናት። የውሃው ጆግ ከአባት ክንድ አንድ እርምጃ ርቆ መቀመጡ ለነገሩ ለውጥ አያመጣም። ይህን ስንፍና ነው የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደ ሆነ በየቀኑ የሚጠናበት ትምህርት ነው። ችግሩ፣ ይህ ትምህርት የሚሰጠው ሌላው ትምህርት በሚጠናበት ሰዓት መሆኑ ነው።

ሦስተኛው መብራት ነው። እኛ የአርት ፋኩልቲ ሰዎች ከቊጥር ጋር ብዙ ባንዋደድም፣ እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ማስገባት ግድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። የቤት መብራት 220 ቮልት ስለ ሆነ፣ 3,500ን ለ220 ብናካፍለው ምጣዱ ብቻውን 16 አምፔር ያህል ይወስዳል ማለት ነው። በዚያ ላይ አንዱ ልጅ ሸሚዙን ልተኩስ ብሎ ባለ 1,000 ዋት ካውያ ሲሰካ፣ በቆጣሪው በኩል «ጧ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ቤቱም ይጨልማል። ወዲያው ከየክፍሉ «ማነው የሰካው?» የሚል ጩኸት ይነሣል። መልሱም የታወቀ ነው፤ ማንም አልሰካም። በኢትዮጵያ ቤቶች ታሪክ፣ እንጀራ እየተጋገረ ካውያ የሰካ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ምጣዱ ጥናቱ እስኪያልቅ ይቆይ ቢባልስ? አይሆንም። የጤፍ ሊጥ ከተቦካ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ ላዩ ላይ ያቀረረው ውሃ ይደፋል፤ ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውሃ አብሲት ይጣላል፤ አብሲቱ ተመልሶ ሲቀላቀል ሊጡ ኩፍ ይላል። ኩፍ ያለ ሊጥ ደግሞ የፈተና ፕሮግራም አያውቅም፤ ጊዜው ካለፈበት ይወርዳል፣ ይኮመጥጣል። ስለዚህ በምጣድና በመጽሐፍ መካከል ክርክር በተነሣ ቊጥር ምጣዱ መርታቱ የእናት አድልዎ አይደለም፤ የእርሾ ተፈጥሮ ነው።

አራተኛው ቡና ነው። ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በጀበና ፈልቶ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ጎረቤት ይጠራል፤ ጠሪውም ያው ልጅ ነው። አቦልን ብቻ ጠጥቶ የሚነሣ ሰው በረከቱን ረግጦ እንደ ሄደ ይቆጠራል። በዚህ መካከል ጎረቤታችን እትዬ ሲኒያቸውን ይዘው «ለመሆኑ የኔ ልጅ፣ ምንድን ነው የምትማረው?» ይላሉ። «ታሪክ» የተባሉ እንደ ሆነ በሐዘን አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። «ታሪክማ እኛ እንነግርህ የለም ወይ? ምነው ሐኪም ብትሆን?» ይህ ጥያቄ በቶና ጊዜ ይደገማል፤ በበረካ ጊዜ ደግሞ ምርቃት ሆኖ ይወርዳል።

እንኳን ሰው ከሰው እግርና እግርም ይጋጫል ይባላል። እነዚህ ሁሉ ግጭቶች የሚያስቁን ብስጭቱና በጎው ነገር ከአንድ ምንጭ ስለሚቀዱ ነው። ሳያንኳኳ በሩን የሚከፍተው እጅ፣ በትኩሳት ሌሊት ግንባር የሚዳስሰው ያው እጅ ነው። «የት አመሸህ?» የሚለው የሌለ ሰው፣ ሳይመለስ የቀረ ዕለትም ፈላጊ የለውም። ፎጣውን የወሰደው ወንድም ነገ ለታክሲ ሲቸግረን ሳንቲሙን ያካፍለናል።

ነገር ግን ብስጭት የሚያስቀው የሚዞር ሲሆን ብቻ ነው። ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ሲደርስ ጨዋታ ይሆናል። በአንድ ሰው ላይ የረጋ እንደ ሆነ ግን ስሙ ይለወጣል። ከላይ የቆጠርናቸውን መለስ ብለን እንያቸው። ካውያው ሲሰካ ምጣዱ ፊት የቆመችው ማን ነበረች? ቡናውን የቆላችው፣ ረከቦቱን ያነሣችውስ? በብዙ ቤት እኅታችን ናት። እርስዋም እንደ ወንድሟ ተማሪ ናት፤ ፈተናዋም በዚያው ሳምንት ነው። ወንዱ መጽሐፍ ሲገልጥ «ዝም በሉ፣ ልጄ እያጠና ነው» ይባላል። እርስዋ ስትገልጥ «ሲኒውን አጣጥቢና ትቀጥያለሽ» ትባላለች። ኋላ ግን ሁለቱም አንድ አዳራሽ ገብተው ይፈተናሉ፤ ወረቀቱን የሚያርመው መምህርም ስንት ሲኒ እንደ ታጠበ አይጠይቅም።

ይህ ልማድ አንድ ዘመን በሕግ ተጽፎ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተ ሰቡ የበላይ አድርጎ፣ በአንቀጽ 646 ደግሞ ባል አገልጋይ ሊያቆምላት ያልቻለ እንደ ሆነ ሚስት የቤቱን ሥራ እንድትሠራ ያዝዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ ይኸውም አዋጅ ቊጥር 213፣ ይህን ሽሮ ባልና ሚስት ቤተ ሰባቸውን በመምራት እኩል መብት እንዳላቸው በአንቀጽ 50 ደነገገ። ሕጉ ተለወጠ፤ ሲኒው ግን ከያዘችው እጅ አልወጣም። አዋጅ እስከ ሳሎን ይደርስ ይሆናል እንጂ ጓዳ አይዘልቅም። ደግሞም ያ አንቀጽ የሚናገረው ስለ ባልና ሚስት ነው፤ የወንድምና የእኅትን የሳሕን አጠባ ጉዳይ ለእኛው ትቶታል።

እንግዲህ መድኃኒቱን ፍለጋ ከአገር መውጣት አያስፈልግም። እቁብ ዕጣ አለው። የጽዋ ማኅበር ተራ አለው፤ ድግሱ በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ተራዬ አይደለም ብሎ የሚከራከር አይገኝም። እድርም የቀረውን አባል በደብተር መዝግቦ ይቀጣል። ወላጆቻችን ከጎረቤት ጋራ ሲሆን ተራ ማለት ምን እንደ ሆነ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከደጃፉ ወዲህ ሲሆን ግን ደብተሩ ይታጠፋል።

ስለዚህ ተመላላሽ የሆንን ሁሉ አንድ ወረቀት ከጓዳው ግድግዳ ላይ ብንለጥፍ መልካም ነው። ማን እንደሚጋግር፣ ማን ሲኒ እንደሚያጥብ፣ ማን ጎረቤት እንደሚጠራ በየቀኑ ይጻፍበት፤ ፈተና የደረሰበት ሰው፣ ወንድም ይሁን እኅት፣ ያን ሳምንት ከተራ ይውጣ። ወንዱ ማሰሻውን የያዘ ዕለት የመጀመሪያው እንጀራ ዐይን የሌለው፣ ዳሩም የተቀደደ ይሆናል። እሱም ይበላል፤ ሁለተኛው ይሻላል። እናቶች መጀመሪያ ይስቁ ይሆናል፤ አባቶችም ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ነገር ግን ልጆቹ ተስማምተው የለጠፉትን ወረቀት የሚቀድ ወላጅ ብዙ አይደለም።

የፎጣው ነገር ግን በተራ የሚፈታ አይመስልም። ለእርሱ እስካሁን የተገኘው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ከታናሽ ወንድም ቀድሞ መነሣት።