ነጋቲቩን አትጣሉት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ አባቶቻችን የነገሩን ስለ ብራናና ስለ ቀለም ነበር። ካሜራ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ግን ሌላ ማኅደር ተጨምሯል፤ እርሱም ፊልም ነው። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎች የቤቱን ሣጥን ፈልጉ ብትባሉ፣ ከግብር ደረሰኝ ጋር የተጠቀለለ ጥቍር የፊልም ቍራጭ ታገኙ ይሆናል። ብዙ ሰው «ፎቶግራፉ ከታተመ ወዲያ ይህ ምን ይሠራል?» ብሎ ይጥለዋል፤ አለዚያም የልጆች መጫወቻ ይሆናል። ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚጐዳን፣ ፊልሙም ወደ ዲጂታል እንዴት እንደሚገለበጥ ባጭሩ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

ነጋቲቭ ብርሃኑ ጨለማ፣ ጨለማው ብርሃን ሆኖ የተቀረጸባት የፎቶግራፍ እናት ናት። ከአንዲት ነጋቲቭ የፈለግነውን ያህል ፎቶግራፍ ማተም እንችላለን፤ በደበዘዘው ወረቀት ላይ የጠፋ የፊት መልክም በነጋቲቩ ላይ ጐልቶ ሊገኝ ይችላል። ስላይድ ደግሞ ቀለሙ ሳይገለበጥ በካርቶን ወይም በፕላስቲክ ክፈፍ የሚያዝ ፊልም ነው።

ይሁን እንጂ ፊልም ዘላለማዊ አይደለም። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ይሠራ የነበረው የናይትሬት ፊልም በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ ከእሳት መራቅ አለበት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) እርሱን የተካው የአሴቴት ፊልም እሳትን ቢያመልጥም ከሙቀትና ከእርጥበት አያመልጥም። መበላሸት ሲጀምር እንደ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ቀጥሎም ይጨማደዳል፣ ይሰባበራልም። የሚወጣው አሲድ በአጠገቡ ያለውንም ፊልም ያበላሻል። ሣጥኑን ስትከፍቱ ኮምጣጤ ከሸተታችሁ የሸተተውን ከደኅናው ለዩ፤ አስቀድማችሁም እርሱን ገልብጡ። የመንዝና የግሼ ብርድ ለፊልም ወዳጅ ነው፤ የቤቱ ጢስ፣ የክረምቱ እርጥበትና አይጥ ግን ጠላቶቹ ናቸው። ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርደው የመርሐ ቤቴ ቆላ ደግሞ ሙቀቱ ይጨመራል።

ፊልም በጥንቃቄ ሲያዝ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማወቅ ከአገራችን ታሪክ ምሳሌ አለን። በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር በኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተባብረው የብራና መጻሕፍታችንን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። በተከታዮቹ ዓመታት ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ። ከነዚህም ብዙዎቹ የሸዋ ናቸው፤ የመንዝና ግሼ፣ የመርሐ ቤቴም መጻሕፍት ይገኙባቸዋል። አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው ወደ ኮሌጅቪል ተላከ። ከዚያ ወዲህ ዋናው መጽሐፍ ከቦታው ጠፍቶ ፊልሙ ብቻ የቀረበት ጊዜም አለ። ዛሬ ከፊልሞቹ ብዙዎቹ ወደ ዲጂታል ስለ ተገለበጡ፣ በኢንተርኔት ስሙን ያስመዘገበ ማንም አንባቢ ያለ ክፍያ ሊያያቸው ይችላል።

ፊልሞቹን የሚያነብና የሚመዘግብ ሰው ባይገኝ ግን ይህ ሁሉ ድካም ዕቃ ቤት ገብቶ በቀረ ነበር። ከዚህ ሥራ ጋር ስማቸው የሚነሣው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1931 በሸዋ፣ በሸንኮራ የተወለዱ ሊቅ ናቸው። በ1975 በአዲስ አበባ በጥይት ተመትተው እግራቸው ሽባ ሆነ፤ በ1976 ወደ ኮሌጅቪል ሄዱ። ወደ አገራቸው ገዳማት ወጥተው መውረድ ያልቻሉት ሰው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው የገዳማቱን መጻሕፍት ከፊልም ላይ አነበቡ፤ መጽሐፉ ምን እንደ ሆነ፣ የየትኛው ደብር እንደ ሆነና በማን ዘመን እንደ ተጻፈ እየመረመሩ መዘገቡ። በ2021 ዐረፉ፤ መዝገባቸው ግን አለ። ሥዕል ያለ ስም ዲዳ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ተራ የሰነድ ስካነር ለፊልም አይሆንም፤ ፊልም ከጀርባው ብርሃን ይፈልጋልና። ለፊልም የተሠራ ስካነር ያለው ስቱዲዮ ካገኛችሁ መልካም ነው። የ35 ሚሊሜትር ፊልም አንዱ ሥዕል 24 በ36 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ስካነሩ በአንድ ኢንች 4,000 ነጥብ ቢያነብ 21 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ያለው ሥዕል ይሰጣችኋል። በ2,400 ነጥብ ቢያነብም ወደ 8 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ይህም ለቤተሰብ አልበም ከበቂ በላይ ነው።

ስካነር ከሌለ ሁለት ስልኮች ይበቃሉ። በጨለማ ክፍል ውስጥ የአንዱን ስክሪን ነጭ አድርጋችሁ አብሩ፤ ፊልሙን ከስክሪኑ አንድ ሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉ፤ ሌላውንም ስልክ እንዳይነቃነቅ በመጻሕፍት ላይ አስደግፋችሁ ከላይ አንሡ። ከዚያ ቀለሙን በሥዕል ማስተካከያ ፕሮግራም ገልብጡት። የባለቀለም ነጋቲቭ መደብ ብርቱካንማ ስለሆነ ሥዕሉ ሲገለበጥ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ እርሱንም አስተካክሉ። ፊልሙን በጠርዙ ያዙ፤ አቧራውን በጐማ መንፊያ አራግፉ እንጂ በምራቅ ወይም በሸሚዝ አትጥረጉት።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ስሙ ነው። መምህር እንደ መሆኔ ለተማሪዎቼ የምመክረው፣ የገለበጡትን ሥዕል ይዘው ከአያታቸው አጠገብ እንዲቀመጡ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ማን ነው? ቦታው የት ነው? በዓሉስ የማን ነው? መልሱን በደብተር ጻፉ፤ በፋይሉም ስም ላይ አኑሩ። ፊልሙ ብዙ ዓመት ሊቈይ ይችላል፤ ፊቶቹን የሚያውቁት አያት ግን በየዓመቱ እያነሱ ይሄዳሉ።

በመጨረሻም ሥዕሉን በሦስት ቅጂ አስቀምጡ፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ፣ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይሁን። በቴሌግራም ስትልኩ ጥራቱ እንዳይቀንስ እንደ ፎቶግራፍ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ «አሁን ዲጂታል ሆኗል» ብላችሁ ፊልሙን አትጣሉ፤ ስልክ ይሰበራል፣ ፍላሽም ይበላሻል። ነጋቲቩን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ከጢስና ከእርጥበት አርቃችሁ፣ ስሙን በላዩ ጽፋችሁ አኑሩ። በሚመጣው በዓል ወደ አገር ቤት ስትገቡ፣ ከጠጅና ከጠላው በፊት ሣጥኑ ይከፈት በሉ።