መብራት ሲሄድ የማይረሳ ሚሞሪ፦ ስለ ስካይርሚዮን



አሳይመንት እየጻፍን መብራት ጠፍቶ ሴቭ ያላደረግነውን ሁሉ ያጣን ብዙዎች ነን። ምክንያቱ ራም የተባለው ፈጣን ሚሞሪ መረጃ የሚይዘው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። ሃርድ ዲስክ በማግኔት ስለሚጽፍ አይረሳም፤ ግን ዲስኩ መሽከርከር ስላለበት ቀርፋፋ ነው። የሁለቱን መልካም ጎን አንድ ላይ ለማግኘት ተመራማሪዎች ከሚሞክሯቸው መንገዶች አንዱ ስካይርሚዮን ነው።

በማግኔት ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን አቶም እንደ ትንሽ ቀስት እናስበው። በስካይርሚዮን ዳር ያሉት ቀስቶች ወደ ላይ፣ መሀል ያለው ወደ ታች ያመለክታል፤ በመካከል ያሉት ቀስ በቀስ እየዞሩ ሁለቱን ያገናኛሉ። ይህን ጥምዝ ለመፍጠር ለምሳሌ በጣም ስስ የኮባልት ንጣፍ ከፕላቲነም ጋር ይደራረባል።

ጥምዙ በገመድ ላይ እንዳለ ቋጠሮ ነው። ብንገፋው ይንሸራተታል እንጂ በቀላሉ አይፈታም። ስለዚህ ቋጠሮ ካለ «1»፣ ከሌለ «0» ብለን መረጃ መጻፍ፣ በኤሌክትሪክ ጅረትም እየገፋን ወደ ማንበቢያው ማምጣት እንችላለን። የሚሽከረከር ዲስክ አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በረቂቅ መርፌ ጫፍ ስካይርሚዮኖችን አንድ በአንድ ጽፈው አጠፉ። ሙከራው የተሠራው ግን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተደራረቡ ስስ ንጣፎች ላይ በክፍል ሙቀት መፍጠር ተቻለ።

ዋናው ፈተና እዚህ ጋ ይመጣል። ስካይርሚዮንን ጠንካራ ያደረገው ያው ጥምዝ መንገድም ያስተዋል። ጅረቱ ወደ ፊት ሲገፋው፣ እየተሽከረከረች እንደተመታች ኳስ ወደ ጎን ይታጠፋል። የገመዱ ጫፍ ላይ የደረሰ ቋጠሮ ሾልኮ እንደሚፈታ ሁሉ፣ የንጣፉ ጠርዝ ላይ የደረሰ ስካይርሚዮንም ሊጠፋ ይችላል። እሱ ሲጠፋ መረጃችንም አብሮ ይጠፋል።

መፍትሔው ማጣመር ሆነ። ቀስቶቻቸው በተቃራኒ አቅጣጫ የሆኑ ሁለት የማግኔት ንጣፎች፣ በመሀላቸው ስስ ብረት ገብቶ ይደራረባሉ። አንዱ ስካይርሚዮን ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ሌላው ወደ ግራ ይስበዋል፤ ተያይዘውም ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከፈረንሳይ ግሬኖብል የወጣ ጥናት በዚህ ዘዴ በሰከንድ እስከ 900 ሜትር የሚደርስ ፍጥነት አሳይቷል።

ይህ ማለት ግን ነገ ገበያ ላይ እናገኘዋለን ማለት አይደለም። በንጣፉ ውስጥ ያለ ጥቃቅን እንከን ስካይርሚዮኖቹን ይይዛቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲዛባም «0» እና «1» ይቀላቀላሉ። በጥቂት ኃይል መግፋትና በትክክል ማንበብም ገና ሥራ ይፈልጋሉ። ፊዚክስ፣ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ወይም ማቴሪያል ሳይንስ የምታጠኑ እህትና ወንድሞች፣ ጥያቄው ገና ክፍት ነው፤ የመመረቂያ ርዕስ ስትመርጡ አስቡበት።