ከተጣለ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር የሚገኝ ትምህርት

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ፦ ተበላሽቶ የቆመ ሞተር በገጠሩ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። የወፍጮ፣ የውኃ መሳቢያ ወይም የትራክተር ሞተር አንድ ጊዜ ድምፁን ካጠፋ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል፣ ዶሮ ይሰፍርበታል፤ ውሎ አድሮም እንደ ቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል። አባላት ከእህልና ከከብት ሽያጭ ያዋጡት ገንዘብ ግን በኪሎ ተመዝኖ አይመለስም። በመሆኑም የትኛው ሞተር ተጠግኖ ይነሣል፣ የትኛውስ ይተዋል የሚለው ጉዳይ ለመካኒክ ብቻ የሚተው ሳይሆን የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊመክሩበት የሚገባ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

በዚህ ረገድ ከፍ ያለ ልምድ ያካበቱት ሰዎች ከእርሻ ጋር ምንም ግንኙነት ያላቸው አይመስሉም። እነርሱም ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የተሠሩ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮችን እየፈቱና እያደሱ «ሆት ሮድ» የሚባሉትን ፈጣን መኪኖች የሚሠሩ አሜሪካውያን ናቸው። ሥራቸው ለጨዋታ ቢመስልም ከሥራው የሚገኘው ትምህርት ለወፍጮና ለውኃ መሳቢያ የሚያገለግል ነው።

ገበሬው ፈትቶ ያየው ሞተር

የነገሩ መነሻ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለው መኪና ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ሞተሩ 2.9 ሊትር ሲሆን ጉልበቱ 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ሆኖም አንድ ትልቅ ብልጫ ነበረው። አራቱ ሲሊንደሮች በአንድነት ከአንድ ብረት ተቀርጸው የወጡ ሲሆኑ፣ ቴስታታው ግን ለብቻው የሚፈታ ነበር። ስለዚህ ማንኛውም ገበሬ በተራ ቁልፍ ብሎኖቹን ፈትቶ፣ ቴስታታውን አንሥቶ፣ ፒስቶኑንና ቫልቮላውን በዐይኑ ለማየት ቻለ። ዋጋውም በ1908 850 ዶላር የነበረው በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች በመውረዱ ብዙ ሰው እጅ ገባ።

የአሜሪካ ገበሬ መኪናውን ለመጓጓዣ ብቻ አላዋለውም። የኋላ እግሩን በክሪክ አንሥቶ፣ በጎማው ላይ ቺንጋ አጥልቆ ውኃ ይስብበት፣ እንጨት ይሰነጥቅበት፣ እህል ይፈጭበት ነበር። ጥርስ ያላቸው ትልልቅ የብረት እግሮች ተገጥመውለት ማረሻ እንዲጎትት የሚያደርጉ መለወጫ ዕቃዎችም በገበያ ላይ ይሸጡ ነበር። ራሱም የገበሬ ልጅ የነበረው ሄንሪ ፎርድ በ1917 ፎርድሰን የተባለውን ባለ አራት ሲሊንደር ትራክተር ማምረት ጀመረ።

ከሞዴል ቲ ቀጥሎ እስከ 1931 ድረስ የተሠራው ሞዴል ኤ ሲሆን፣ ሞተሩ 3.3 ሊትር፣ ጉልበቱም 40 የፈረስ ጉልበት ነበር። በ1932 ደግሞ ባለ 50 የፈረስ ጉልበቱ ሞዴል ቢ ወጣ። በዚያው ዓመት ፎርድ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ለገበያ በማቅረቡ ገንዘብ ያለው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። በዚህም የተነሣ አራት ሲሊንደር ያላቸው አሮጌ መኪኖች በርካሽ ተገኙ። በኪሳቸው ብዙ ገንዘብ የሌላቸው፣ በእጃቸው ግን ሥራ የሚያውቁ ወጣቶች እነዚህን መኪኖች እየገዙ ሆት ሮድ ይሠሩ ጀመር።

ጭነቱን መቀነስ፣ ከዚያ ሞተሩን መንካት

የሆት ሮድ ሥራ የሚጀምረው ከሞተሩ አይደለም። መጀመሪያ ፓራፋንጎው፣ የጎን መረገጫው፣ ጣራው፣ አንዳንድ ጊዜም ኮፋኖው ይወልቃል። ምክንያቱ በቀላል ሒሳብ ይገባል። 20 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 600 ኪሎ ግራም የሚጎትት ቢሆን ለአንዱ የፈረስ ጉልበት 30 ኪሎ ይደርሰዋል። ከጭነቱ ላይ 100 ኪሎ ቢቀነስ ግን ለአንዱ የሚደርሰው 25 ኪሎ ብቻ ነው። ይህም ሞተሩ ሳይነካ ጉልበቱ ወደ 24 ከፍ እንዳለ ያህል ይቆጠራል።

ይህ ትምህርት ለወፍጮ ቤት በቀጥታ ይሠራል። የወፍጮው ድንጋይ ከደነዘ፣ ቺንጋው ከላላ፣ ወይም የፓምፑ መሳቢያ ቱቦ አየር የሚያስገባ ከሆነ ሞተሩ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ስለዚህ «ሞተሩ ደከመ» ከማለት በፊት ሞተሩ የሚጎትተውን ነገር መመርመር ይገባል።

ሁለተኛው ሥራ ሞተሩ በደንብ እንዲተነፍስ ማድረግ ነው። ሞተር የሚሠራው አየርና ነዳጅ ቀላቅሎ በማቃጠል በመሆኑ፣ ሆት ሮድ ሠሪዎች ካርቡራቶሩን በትልቅ ይለውጣሉ፤ የጭስ መውጫውን ያሰፋሉ፤ ቫልቮላውንም ያሻሽላሉ። በስዊዘርላንድ የተወለደው ሉዊ ሼቭሮሌ በስሙ ከሚጠራው ኩባንያ ከወጣ በኋላ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ለሞዴል ቲ ሞተር «ፍሮንቴናክ» የተባለ የተሻለ ቴስታታ ሠርቶ ነበር። ይህ ቴስታታ የተገጠመለት አንድ ፎርድ በ1923 በኢንዲያናፖሊስ በተደረገው የ500 ማይል፣ ማለትም 805 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ውድድር በልዩ ፋብሪካ ከተሠሩ የውድድር መኪኖች ጋር ተሰልፎ 5ኛ ወጥቷል። መሠረቱ ገበሬው ወፍጮ ያዞርበት የነበረው ሞተር ነው።

ሦስተኛው ሥራ እምቅታውን መጨመር ነው። የሞዴል ኤ ሞተር የእምቅታ መጠን 4.2 ለ 1 ገደማ ብቻ ነበር። ቴስታታው በማሽን ተልጎ ከሳሳ ወይም በሌላ ከተተካ እምቅታው ይጨምራል፤ ጉልበትም ይገኛል። ነገር ግን ዋጋው አብሮ ይመጣል። በነዚያ ሞተሮች ውስጥ የክራንክ ሻፍቱ ማረፊያ ከለስላሳ ብረት ቀልጦ የተፈሰሰ ስለሆነ ከመጠን ያለፈ ግፊት ሲመጣበት ይሰባበራል። የሞዴል ቢን ሞተር ብዙዎች የሚመርጡትም ለዋናዎቹ ማረፊያዎች ዘይት በግፊት ስለሚደርሳቸው ነው። በቀደሙት ሞተሮች ግን ዘይቱ በአብዛኛው በመረጨት ይዳረስ ነበር።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። የውድድር ሞተር በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው ለጥቂት ደቂቃ ነው። የወፍጮና የፓምፕ ሞተር ግን ከጧት እስከ ማታ ይሠራል። ከእርሱ የሚፈለገው ፍጥነት ሳይሆን ጽናት ነው። ስለሆነም ከሆት ሮድ ሠሪዎች መቅዳት ያለብን የእምቅታ ጭማሪውን ሳይሆን አመረማመራቸውን፣ የዘይት ጥንቃቄያቸውንና ለልክ ያላቸውን አክብሮት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ በሞተር ሥራ የሚቸኩል ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ፍጥነትን የገራው ማኅበር

የካሊፎርኒያ ወጣቶች የሠሯቸውን መኪኖች የሚፈትኑት ሙሮክ በሚባለው የደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ ነበር። በመጀመሪያ ብዙ መኪኖች ጎን ለጎን ተሰልፈው በአንድነት ይሮጡ ስለነበር አቧራው ከኋላ ያለውን ነጂ ያሳውረዋል፤ አደጋም ይደርስ ነበር። እያንዳንዱ ሠሪ ብልህ ቢሆንም በመካከላቸው ደንብ አልነበረም።

በ1937 ልዩ ልዩ ክበቦች ተሰባስበው የደቡብ ካሊፎርኒያ የፍጥነት ለኪዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ መኪኖቹ ተራ በተራ የሚሮጡ፣ ፍጥነታቸው በመሣሪያ የሚለካና በመዝገብ የሚጻፍ፣ ደኅንነታቸውም አስቀድሞ የሚመረመር ሆነ። ማኅበሩ ዛሬም ያለ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 በፊት ለወጡት አሜሪካ ሠራሽ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች የተለየ የውድድር ምድብ አለው። ሞተሮቹ እስከዚህ ዘመን የቆዩት በአንድ ሰው ጥበብ ብቻ አይደለም። ልኩን ጽፎ ለተከታዩ የሚያስተላልፍ፣ ፍሬኑ ያልተስተካከለውን መኪና «አትሮጥም» የሚል ማኅበር ስለነበረ ጭምር ነው።

ልምዱ በአገራችን

በኢትዮጵያ የመኪና ታሪክ የሚጀምረው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለ መኪና እየነዳ አዲስ አበባ በመድረስ ለዳግማዊ ምኒልክ ባሳየ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የመካኒክነት ሙያ ከመጽሐፍ ይልቅ በእጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቺንጋ የሚሉት ከጣሊያንኛ የገቡ ቃላት ለዚህ ምስክር ናቸው። ተማሪው ቃሉን የሰማው ቁልፍ ሲያቀብል ነው። በአዲስ አበባ ባለ አራት ሲሊንደሮቹ ቮልስዋገንና ፊያት መኪኖች ከተሠሩ ከብዙ ዓመታት በኋላም በመንገድ ላይ የታዩት በነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሲገለጽ፣ ያለውን ሞተር ጠግኖ የማቆየት ሙያ ክብደቱ ጨምሯል። የጣና ዳርቻ ገበሬም ሙያውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አይኖርበትም። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ካስተማራቸው ሙያዎች መካከል የእርሻ መሣሪያና የብረታ ብረት ሥራ ይገኙባቸው ነበር። ተቋሙ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ማኅበሩ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ሞተሩ ሳይፈታ ይመርመር። የሞተሩ ዘይት እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ይህም የጓርኒሲዮን መቃጠልን ወይም የብረት መሰንጠቅን ያመለክታል። የቤንዚን ሞተር ከሆነ የአራቱም ሲሊንደሮች እምቅታ በመለኪያ ይታይ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ያለቀው የፒስቶኑ ፋሻ ነው፤ ካልተለወጠ ግን ጥፋቱ በቫልቮላው ወይም በጓርኒሲዮኑ በኩል ይፈለግ።

ሁለተኛ፣ የዋጋ ገደብ አስቀድሞ ይወሰን። የመለዋወጫው፣ የቶርኖውና የመካኒኩ ሒሳብ በጽሑፍ ቀርቦ ጠቅላላ ጉባኤው ሳያጸድቀው አንድም ብሎን አይፈታ። ዋናው ብረት ከተሰነጠቀ ወይም መለዋወጫው በገበያ ከሌለ፣ ሞተሩን መተው ሽንፈት ሳይሆን ቁጠባ ነው።

ሦስተኛ፣ የመኪና ሞተር ወፍጮ ወይም ፓምፕ እንዲያዞር ከተፈለገ ሦስት ነገሮች ይሟሉለት። በቆመበት ስለሚሠራና የጉዞ ነፋስ ስለማያገኝ በቂ ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል። ቺንጋው በድንገት ቢበጠስ ሞተሩ ያለ ልክ እንዳይፈጥን የፍጥነት መቆጣጠሪያ ይገጠምለት። ቺንጋውም ልብስና እጅ እንዳይዝ በአጥር ይከለል። ጭሱ መርዝ ስለሆነ በተዘጋ ቤት ውስጥ ማስነሣት ነፍስ ያጠፋል።

አራተኛ፣ የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ ወይም ውኃ ውስጥ አይደፋ። ጣና በእምቦጭ አረም የደረሰበት ጉዳት ሳያንስ የሞተር ዘይት ልንጨምርበት አይገባም። ዘይቱ በክዳን ባለው ዕቃ ተጠራቅሞ ለሚረከብ ይሰጥ።

አምስተኛ፣ ለሞተሩ አንድ ኃላፊና አንድ መዝገብ ይኑረው። ዘይት የተለወጠበት ቀን፣ የሠራው ሰዓት፣ የተተካው ዕቃና የወጣው ገንዘብ ይጻፍ። ከመካኒኩ ጎንም ሥራውን እያየ የሚማር አንድ የአባል ልጅ ይመደብ።

ከወጣቶቻችን መካከል እንደ ሆት ሮድ ሠሪዎቹ መኪና መሥራት የሚመኝ ቢገኝ ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ማንኛውም ተሽከርካሪ ምርመራ ሳያልፍና ሰሌዳ ሳይኖረው በመንገድ ላይ አይነዳም። ፍሬን ከጉልበት ይቀድማል። ይህን የተረዳ ወጣት ግን ለማኅበሩ ሀብት ነው። አራት ሲሊንደር ፈትቶ፣ ለክቶና ገጥሞ ያስነሣ እጅ የውኃ መሳቢያውን ሞተር አይፈራውም። ያንን እጅ ሥራ ላይ ማዋል፣ ለሥራውም ደንብና መዝገብ ማበጀት የማኅበሩ መሪዎች ድርሻ ነው። የሚቀጥለው የመስኖ ወቅት ከመድረሱ በፊት በየቀበሌው የቆሙትን ሞተሮች ቆጥሮ ሁኔታቸውን በዝርዝር ማስፈር ለዚህ ሥራ ጥሩ ጅምር ይሆናል።