የፌርሚ አረፋዎች ከየት መጡ?
ከምንኖርበት ጋላክሲ ከፍኖተ ሐሊብ መሃል፣ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች፣ ሁለት ግዙፍ አረፋዎች ተነፍተው ወጥተዋል። እያንዳንዳቸው 25,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይረዝማሉ፤ ከእኛ እስከ ጋላክሲው መሃል ያለውም ርቀት ከዚህ ብዙ አይበልጥም። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ድረስ ያያቸው አልነበረም።

የሚያወጡት ጋማ ጨረር የመሬትን ከባቢ አየር አያልፍም። ስለዚህ ናሳ በ2008 ፌርሚ የተባለውን ቴሌስኮፕ እስኪያመጥቅ መጠበቅ ግድ ነበር። ከዚያም በኋላ በጋላክሲው ውስጥ የሚራወጡ ቅንጣቶች ከጋዝ ጋር እየተጋጩ የሚያመነጩት ጋማ ጨረር ሰማዩን እንደ ጉም ጋርዶት ነበር። ሜንግ ሱ፣ ትሬሲ ስላትየርና ዳግላስ ፊንክባይነር ያን ጉም በስሌት ቀንሰው ሲያወጡት አረፋዎቹ ጠርዛቸው ቁልጭ ብሎ ብቅ አሉ።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ጠርዝ ነው። ቀስ እያለ የሚሰራጭ ነገር ዳርቻው እየሳሳ ይጠፋል እንጂ እንዲህ ተቆርጦ አይቆምም። ጠርዙ የሚመሰክረው ከመሃል በኃይል ተገፍቶ ስለወጣ ነገር ነው።

ገፊው ማን ነው? አንዱ ተጠርጣሪ መሃል ላይ የተቀመጠው፣ የ4 ሚሊዮን ፀሐይ ክብደት ያለው ጥቁር ጉድጓድ ነው። ዛሬ የሚውጠው ጋዝ ጥቂት በመሆኑ ጭምት ይመስላል። ሌላው እዚያው አካባቢ በብዛት ተወልደው የፈነዱ ግዙፍ ከዋክብት ያስነሱት ነፋስ ነው።

ፍርዱ ያለው ጋማውን በሚያመነጩት ቅንጣቶች ላይ ነው። ፕሮቶኖች ከሆኑ ጉልበታቸውን እጅግ ረጅም ዘመን ስለሚይዙ፣ የከዋክብቱ ነፋስ አረፋዎቹን ቀስ በቀስ ሊሞላቸው ይችላል። ተራውን ብርሃን እየገጩ ወደ ጋማ የሚያሳድጉት ኤሌክትሮኖች ከሆኑ ግን በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ይደክማሉ፤ ስለዚህ አረፋዎቹ በቅርቡ የተነፉ መሆን አለባቸው። እኔ ወደ ኤሌክትሮኖቹ አደላለሁ፤ ከዚያው አካባቢ የሚመጣ የማይክሮዌቭ ጨረርም አለና፤ እሱ በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የሚሽከረከሩ ኤሌክትሮኖች አሻራ ነው።

በ2020 ኢሮሲታ የተባለው ቴሌስኮፕ የፌርሚ አረፋዎችን ውጦ የሚይዝ፣ ወደየአቅጣጫው 45,000 የብርሃን ዓመት ያህል የሚዘልቅ የኤክስሬይ አረፋ አገኘ። በ2022 የካረን ያንግ ቡድን በኮምፒውተር ሲያሰላ፣ ጥቁር ጉድጓዱ ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ለ100,000 ዓመት ያህል የተፋው የቅንጣቶች ጅረት ሁለቱንም ሊፈጥር እንደሚችል አሳየ። የሐብል ቴሌስኮፕ የለካው የጋዝ ፍጥነት ግን ዕድሜያቸውን ከ6 እስከ 9 ሚሊዮን ዓመት ያደርሰዋል፤ ሙግቱም የቀጠለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።